ሪፕላይ ሲጫን መልሱ ማን ጋ ይሂድ?

የኢሜይል ሊስት አስተዳድሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ሴቲንግ ያውቀዋል። አንድ አባል ለሊስቱ ይጽፋል። ሌላው ያነበውና «ሪፕላይ» ይጫናል። መልሱ ለጻፈው ሰው ብቻ ይሂድ ወይስ ለሁሉም? ጥያቄው ይሄው ነው። ሲያዩት ሰው የሚያጣላ አይመስልም። እኛን ግን ለሳምንታት አጨቃጭቆናል፤ አንድ ሁለት ሰው እስካሁን እንዳኮረፈ ነው።

«እኛ» የምለው የእድር ሂሳብ የሚይዝ አንድ ትንሽ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም የምንሠራና የምንጠቀም ሰዎችን ነው። ፕሮግራሙ ወርሃዊ መዋጮ ይመዘግባል። ቀብር የቀረ ሰው ስንት እንደሚቀጣ ያሰላል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ማን ቤት እንዳለ ይይዛል። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ገንዘብ ከነደረሰኙ ያወጣል። የተጀመረው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ነው። ቱሉ ዲምቱን ሌላው ሰው የሚያውቃት የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርባት ሆና ነው። ለእኛ ግን ከተማ ውለን ማታ የምንገባባት፣ ቃሊቲ ላይ ታክሲ ተጋፍተን የምንደርስባት ሰፈር ናት። ቁልፍ ተረክበን ስንገባ ሁላችንም ለሁላችንም እንግዳ ነበርን። ጎረቤት ከጎረቤት የተዋወቀው በእድር ነው።

የብሎካችን እድር ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። መዝገቡን ለዓመታት በወፍራም ደብተርና በቀይ እስክሪብቶ ይዘውታል። ደብተሩ ባለቀ ቁጥር ወደ አዲስ መገልበጡ ሲሰለቻቸው «ልጄ፣ ያንቺ ኮምፒውተር ይሄን አይችልም?» አሉኝ። ቻለ። ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጌ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጥኩት። የሌላ ሰፈር ልጆች አገኙትና ማሻሻል ጀመሩ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ፣ ከአያት የእድር ጸሐፊዎች መጡ። ከዚያ ከክፍለ ሀገር። ከዚያ ደግሞ ውጭ አገር እድር ያቋቋሙ ኢትዮጵያውያን ገቡበት፤ እነሱ በዶላር ስለሚያዋጡ ሌላ ጣጣ ይዘው መጡ። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ሁለት ሊስት አለን። አንዱ የሠሪዎቹ ነው፤ ስለ ኮድ፣ ስለ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) እና ስለ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ይወራበታል። ሌላው የተጠቃሚዎች ነው፤ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች የቸገራቸውን ይጠይቁበታል። ሁለቱም የሚሠሩት ሜይልማን በሚባል ፕሮግራም ነው። ሜይልማን ራሱ ግኑ የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አካል የሆነ፣ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነፃ ሶፍትዌር ነው። እኛ የምንጠቀመው በፈረንጆቹ 2015 የወጣውን ሦስተኛ ትውልዱን ነው። ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረትም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ሊስቶቹን የከፈተልን አንድ በጎ ፈቃደኛ ልጅ ሁለቱንም «መልስ ወደ ሊስቱ ይሂድ» ብሎ አዘጋጅቷቸው ነበር። ለረጅም ጊዜ ማንም ልብ አላለውም።

አንድ ቀን የሌላ ሰፈር እድር ጸሐፊ ወደ ተጠቃሚዎች ሊስት ጻፉ። የውዝፍ ሪፖርቱ ከደብተራቸው ጋር አልገጥም ብሏቸዋል። የዚያው እድር ገንዘብ ያዥም ሊስቱ ውስጥ ነበሩ። ስልካቸውን አወጡ፣ የጸሐፊውን መልእክት ከፈቱ፣ ታች ያለችውን ቀስት ተጫኑ። ለጸሐፊው ብቻ የሚጽፉ መስሏቸዋል። ሌላ ምን ይምሰላቸው? ከላይ የሚታየው የጸሐፊው ስም ነው። «ይኸው ትክክለኛው» ብለው ሙሉውን ዝርዝር ለጠፉበት። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ያልተከፈለ ወር ብዛት። አንዳንዱ ስም አጠገብ ማስታወሻ ነበረው። ከአንዲት ሴት ስም አጠገብ የነበረው «ባሏ ከሞተ ወዲህ አልቻለችም፤ በዝምታ ይታለፍ» ይላል።

በዝምታ ይታለፍ የተባለው ነገር ከመቶ በላይ ሰው ኢንቦክስ ውስጥ ገባ።

እድር የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ውዝፍ ያለበትን ሰው ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ያውቁታል፤ ከዚያ አያልፍም። የቸገረው ሰው ቀስ ብሎ ይጠራል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፣ አንዳንዴም አንዱ ኮሚቴ ከኪሱ ይከፍልለታል። ስም በስብሰባ የሚነበበው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ ነው። ገንዘብ ያዡ ምን እንዳደረጉ ሲያውቁ ቀልባቸው ተገፈፈ። ወዲያው «ይቅርታ፣ ሰርዙልኝ» ብለው ጻፉ፤ እሱም ለሁሉም ደረሰ፤ ያላነበበው ሰውም ተመልሶ አነበበው። የእኛው ጋሼ ሲነገራቸው «ጡሩንባ የሚነፋው ለሞት ነው እንጂ ለውዝፍ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሊስት «ጡሩንባ ነፋ» ማለት ሳያውቅ ለሁሉም ላከ ማለት ሆኗል።

አርካይቩ (የሊስቱ የቆዩ መልእክቶች ማከማቻ) ላይ የተቀመጠውን ቅጂ አጠፋሁት። የሰው ኢንቦክስ ውስጥ የገባውን ግን ማን ያጠፋዋል? ጂሜይል ላይ ያለችው የመመለሻ ቁልፍ እንኳን መልእክቱን ቢበዛ 30 ሴኮንድ አቆይታ ነው የምትልከው እንጂ የሄደውን አትመልስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ የማይወድ አንድ ሁለት አንቀጽ ይዝለል። እያንዳንዱ ኢሜይል አናቱ ላይ ሄደር የሚባሉ መስመሮች አሉት። «ፍሮም» የሚለው መስመር ማን እንደጻፈው ይናገራል። «ሪፕላይ-ቱ» የሚባልም አለ፤ ይሄኛው የግድ አይደለም። ካለ መልሱ እሱ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ይሄዳል። ከሌለ ወደ ፍሮም ይሄዳል። በ1982 በወጣው አርኤፍሲ 822 በሚባለው የኢሜይል መመሪያ ውስጥ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5322 ደግሞ ሪፕላይ-ቱ መልእክቱን የጻፈው ሰው «መልሴን እዚህ ላኩልኝ» የሚልበት ቦታ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ምርጫው የላኪው ነው።

ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሊስቱ መሃል ገብቶ ሪፕላይ-ቱ ላይ የራሱን አድራሻ ሲጽፍ፣ ሰውየው ያላለውን እንዳለ አድርጎታል። ሰውየው የራሱን ሪፕላይ-ቱ አስቀምጦ ከነበረስ? ውጭ አገር ያለ አንድ የኮድ አጋዣችን ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይጽፋል፤ መልሱ ግን በቤት አድራሻው እንዲመጣለት ይፈልጋል። ሜይልማን ላይ «የነበረውን ሪፕላይ-ቱ አንሳ» የምትል ተጨማሪ ምርጫ አለች። እሷ ስትበራ የልጁ ፍላጎት ድራሹ ይጠፋል። እኛ ጋ በርታ ነበር።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። ኢሜይል የሚጠቀም ኦፕን ሶርስ ዓለም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጎራ ለይቶ ሲነታረክበት ኖሯል። ትልልቆቹም አልተስማሙም። የሊኑክስን እምብርት (ከርነሉን) የሚሠሩ ሰዎች ሊስቶች ላይ ልማዱ ሪፕላይ ኦል፣ ማለትም ለሁሉም መመለስ፣ ነው፤ የሚመለከተውን ሰው ከቅጂው ማውጣት እንደ ነውር ይታያል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት ደግሞ ራሱ ካልጠየቀ በቀር ለጻፈው ሰው ለብቻው ቅጂ አትላኩበት፣ ለሊስቱ ብቻ መልሱ ይላል። አንዱ ጋ ጨዋነት የሆነው ሌላው ጋ ስድነት ነው።

ከሠሪዎቹ ልጆች አብዛኞቹ «ሪፕላይ-ቱን አትንኩት» አሉ። ምክንያታቸው ሲሰማ ልክ ነው። ከ1998 ጀምሮ፣ በአርኤፍሲ 2369 መሠረት፣ ሊስቶች «ሊስት-ፖስት» የሚባል የራሳቸው ሄደር አላቸው፤ የሊስቱ አድራሻ እዚያ ላይ ተጽፏል። መልካም የኢሜይል ፕሮግራም እሱን አንብቦ ለሊስቱ የሚመልስ ሌላ ቁልፍ ይሰጥሃል። ሙት የሚባለው፣ በጥቁር ስክሪን ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ትልቁን ኤል ስትጫነው ለሊስቱ ይመልሳል። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራምም ከሦስተኛው ስሪቱ፣ ከ2009 ጀምሮ፣ ለሊስት የሚመልስ አዝራር አለው። ታዲያ መሣሪያው ካለ ሊስቱ ምን አገባው?

አባባሉ ያምራል። የእኛ እድርተኛ ግን ኢሜይሉን የሚያነበው ታክሲ ውስጥ ቆሞ፣ በስልኩ፣ በአንድ አውራ ጣት ነው። ስልኩ ላይ ፊት ለፊት የሚታየው አንድ ቀስት ነው። የሚጫነው እሱን ነው። ትልቁን ኤል ለገንዘብ ያዦቻችን ለማስረዳት የሚፈልግ ካለ መድረኩን እለቅለታለሁ።

ሌላው ወገንም ዝም አላለም። «ሪፕላይ ለጠየቀው ሰው ብቻ ከሄደ ሊስቱ ይሞታል» አሉ። ይሄኛው ክርክር እኔን የነካኝ ከሌላው በላይ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹን እየኖርኩት ነበር። መልስ ወደ ሊስቱ በሚሄድበት ጊዜ እንኳን፣ ግማሹ ሰው የሚጠይቀኝ በግል ነው። «እህቴ፣ በሰው ፊት እንዳላስቸግር ብዬ ነው» ይሉኛል። ይሉኝታ ነው። የሚያውቁትን ሰው በግል ማስቸገር እንደ ትህትና፣ በአደባባይ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ውጤቱ ምን ይሆናል? መልሱ እኔ ኢንቦክስ ውስጥ ይቀበራል።

የጳጉሜንን ነገር ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ጳጉሜንን እንደ ማንኛውም ወር ቆጥሮ መዋጮ ይጠይቅባት ነበር። አምስት ቀን፣ ሲበዛ ስድስት ቀን ለሆነች ወር ሙሉ መዋጮ! መስከረም ጠብቶ ሪፖርት ሲወጣ አባል ሁሉ የአንድ ወር ባለውዝፍ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ «ጳጉሜን አይከፈልባትም» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ። አንዱ በግል ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ሌላዋ በግል ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ያንኑ አረፍተ ነገር እየገለበጥኩ መላክ ሥራዬ ሆነ። አርካይቩ ላይ ቢፈልጉ ግን ስለ ጳጉሜን አንድ መስመር አያገኙም። ሁሉም የጠየቀ መልስ አግኝቷል፤ ሊስቱ ግን ምንም አልተማረም። በኋላ ምልክቱ ከመጀመሪያው ተደርጎበት እንዲመጣ ቀየርነውና ተገላገልኩ።

ስለዚህ ሁለቱንም ጉዳት አይቻቸዋለሁ። ግን እኩል አይደሉም። ለሁሉም መሄድ የነበረበት መልስ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሄድ፣ «ይሄን ለሊስቱም ላከው» ይባላል፣ ይላካል፣ አለቀ። ለአንድ ሰው መሄድ የነበረበት ለሁሉም ከሄደ ግን ያቺን ሴት ማን ይክሳታል? ሁለተኛው ስህተት መመለሻ የለውም። የሰው ስምና የሰው ገንዘብ በሚወራበት ሊስት ላይ ሴቲንጉ የሚመረጠው በዚህ ነው ብዬ ተከራከርኩ። የተጠቃሚዎች ሊስት ላይ መልሱ ለጻፈው ሰው ይሂድ። የሠሪዎቹ ላይ ግን እንዳለ ወደ ሊስቱ ይሂድ፤ እዚያ የሚወራው ኮድ ነው፤ ኮድ የሚያይ ዓይን በበዛ ቁጥር ባግ አያመልጥም።

ሊስቱ ዝም እንዳይል ደግሞ የቆየ ዘዴ አመጣሁ። ሰን የሚባለውን ኩባንያ ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሰን ማኔጀርስ የሚባል ሊስት ነበራቸው። እዚያ ሕጉ መልስ ለጠያቂው በግል መላክ ነው። ጠያቂው መልሶቹን ሰብስቦ፣ የሠራለትን ለይቶ፣ ርዕሱ ላይ «ማጠቃለያ» ብሎ ለሊስቱ መልሶ ይልካል። ያወዛገበው ሁሉ በመቶ ሰው ኢንቦክስ ውስጥ አይመላለስም፤ አርካይቩ ግን አንድ የጠራ መልስ ያገኛል። እኛም ይህን ወሰድን። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰውም ይሻላል፤ በተለይ ከሥር ሙሉውን የቀደመ ደብዳቤ አንጠልጥሎ «እሺ» ብቻ የሚል መልስ የሚልኩ ሰዎች ስላሉን። ማጠቃለያውን ሁሉም ይጽፋል ማለት አይደለም። ያልጻፈውን ቀስ አድርጌ አስታውሰዋለሁ። ጸሐፊዎቹ ግን ይጽፋሉ፤ ቃለ ጉባኤ የለመደ እጅ ነው።

ያኮረፈው ልጅ ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። «አንድ ሰው ሁለቱም ሊስት ውስጥ አለ። እዚህ ቀስቷን ሲጫን ለሁሉም፣ እዚያ ሲጫን ለአንድ ሰው። እንዴት ያስታውሰው?» ነው ያለው። እውነት አለው። የምንችለውን አደረግን። ርዕሱ ላይ አንዱ «ተጠቃሚ» ሌላው «ሠሪ» የሚል ምልክት እንዲኖረው አደረግን። ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ደግሞ «ሪፕላይ ካልክ የሚደርሰው ለጻፈው ሰው ብቻ ነው» ወይም «ለሁሉም ነው» የሚል አንድ መስመር አለ። ልጁ ይሄ አልበቃውም። ፓች ሲልክ ግን አሁንም ይልካል፤ ከሰላምታ ጋር ባይሆንም።

ሴቲንጉን መቀየሩ ራሱ የደቂቃ ሥራ ነው። በሜይልማን የአስተዳዳሪ ገጽ ላይ መልእክት የሚቀየርበት ክፍል ውስጥ ገብቶ «አትንካው» የሚለውን መምረጥ ነው። የቀረው ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጣውም በጋሼ በኩል።

ጋሼ የድሮ የያሁ አድራሻ አላቸው። ያሁ በሚያዝያ 2014፣ በፈረንጆቹ፣ ዲማርክ የሚባለውን ደንብ አጠበቀው። ደንቡ ለዓለም ሰርቨሮች የሚለው በአጭሩ ይህን ነው፦ ከእኔ መጣ የሚል ኢሜይል ማረጋገጫው ካልገጠመ አትቀበሉት። ዓላማው በሰው አድራሻ የሚያጭበረብሩትን ለመከልከል ነው። ሊስት ግን ሥራው የሰውን ደብዳቤ ተቀብሎ፣ ርዕሱ ላይ ምልክት ጨምሮ፣ ከሥሩ መስመር ቀጥሎ፣ ከራሱ ሰርቨር መልሶ መላክ ነው። ማረጋገጫው ይፈርሳል። ስለዚህ የያሁ አባል ለሊስቱ ሲጽፍ የሌሎቹ ሰርቨሮች መልእክቱን ይመልሱታል። ይባስ ብሎ መልእክት የተመለሰባቸው አባላት «አድራሻቸው አይሠራም» ተብለው ከሊስቱ ይታገዱ ነበር። በዚያ ሰሞን በየአገሩ ያሉ የሊስት አስተዳዳሪዎች እንቅልፍ አጥተዋል።

ሜይልማን ያመጣው መፍትሔ እንዲህ ላሉ አባላት ፍሮምን መቀየር ነው። ስሙ የጋሼ ሆኖ «በሊስቱ በኩል» ይባልበታል፤ አድራሻው ግን የሊስቱ ይሆናል። እውነተኛው አድራሻቸው ሪፕላይ-ቱ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ለጋሼ መልእክት ሪፕላይ ያለ ሰው ለጋሼ ብቻ ይደርስለታል። እስከዚህ ሰላም ነው።

ስልክ ግን ያየውን ስምና አድራሻ ያስታውሳል። የእኛው እድር ገንዘብ ያዥ፣ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ፣ አንድ ማታ ለጋሼ አዲስ መልእክት ልትጽፍ አለች። ሪፕላይ አይደለም፤ አዲስ። የስማቸውን ሁለት ፊደል ስትጽፍ ስልኩ «ጋሼ እኮ ናቸው» ብሎ አቀረበላት። ነካችው። ከስሙ ጀርባ ያለው የሊስቱ አድራሻ ነበር። «ጋሼ፣ የሻይ ቡናው ደረሰኝ ጠፍቶብኛል፣ ሰብሳቢው ሳይሰማ አንድ ነገር እናድርግ» የሚለው ጽሑፍ እስከ ባሕር ማዶ ተነበበ። ሰብሳቢውም አባል ናቸው። «ሰምቻለሁ» ብለው መለሱ፤ እሳቸው ደግሞ ሪፕላይ ኦል ተጫኑ። ደግነቱ ሁሉም ሳቀ። ደረሰኙም ከዱቄት ጆንያ ሥር ተገኘ።

ሌላ አማራጭ አለ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳይነኩ በሌላ ደብዳቤ ውስጥ መጠቅለል። ሞከርነው። ስልክ ላይ ባዶ ገጽና አባሪ ሆኖ ይመጣል፤ ማንም አይከፍተውም። ጋሼን በጂሜይል ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው። ጂሜይል አላቸው፤ ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ከፍቶላቸዋል፣ ፓስወርዱን የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው። «ያሁዬ ከልጆቼ ጋር የተጻጻፍኩበት ነው፤ አልተውም» አሉ። መብታቸው ነው። እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ የሰውን ስልክ እየተቀበልኩ ያንን የተሳሳተ አድራሻ አንድ በአንድ ማጥፋት ሆነ ሥራዬ። ለዚህ ሴቲንግ የለውም።

ትንንሾቹን ነገሮች ልለፋቸው። ጂሜይል የሚጠቀም ሰው ለሊስቱ የጻፈው ነገር ከሊስቱ ተመልሶ ሲመጣ ኢንቦክሱ ውስጥ እንደ አዲስ አያየውም፤ አንድ መልእክት መሆኑን አውቆ ከተላከው ጋር ያዋህደዋል። ሰዉ «አልደረሰም» ብሎ ደጋግሞ ይልካል። አዲስ አባል ሲገባ ይህን አስቀድመን እንነግረዋለን፤ ከፈለገም ሜይልማን «ደርሷል» ብሎ እንዲመልስለት ማድረግ ይችላል። ሪፕላይ ኦል ሲባል ሁለት ቅጂ እንዳይመጣም ሜይልማን ስምህን ቅጂ ላይ ካየ የራሱን አይልክልህም። አንዳንዱ ይሄን ይጠላል፤ የሊስት ፖስታዎቹን ለብቻ የሚያስቀምጥበት ማጣሪያ ያንን ቅጂ አያውቀውምና።

የራስ-ሰር መልስ ግን ሊታለፍ አይገባም። ውጭ አገር ያሉት አባሎቻችን እረፍት ሲወጡ «ቢሮ የለሁም» የሚል መልስ ያዘጋጃሉ። በ2004 የወጣው አርኤፍሲ 3834 እንዲህ ያለ መልስ ሪፕላይ-ቱ ላይ ወዳለው አድራሻ እንዳይላክ ይመክራል። ሁሉም ፕሮግራም ግን ምክር አይሰማም። ሪፕላይ-ቱ ላይ የሊስቱ አድራሻ ካለ መልሱ ለሊስቱ ይሄዳል፣ ሊስቱ ለሁሉም ይበትነዋል፣ እሱንም ሌላው የራስ-ሰር መልስ ይመልስለታል። ሰውም ያው ነው። በ1997 ማይክሮሶፍት ውስጥ ቤድላም ዲኤል3 በሚባል፣ ወደ 13 ሺህ ሠራተኛ በነበረበት ሊስት ላይ አንዱ «አውጡኝ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «እኔንም» አለ። ሌሎቹ «ለሁሉም መላክ አቁሙ» ብለው ለሁሉም ላኩ። የኩባንያው የኢሜይል ሰርቨሮች ተንበረከኩ። ያንን ያነበበ ሰው «መልስ ሁሉ ወደ ሊስቱ» የሚለውን ሲመርጥ እጁ ትንሽ ይከብደዋል።

«ቴሌግራም እያለ ኢሜይል ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቴሌግራም ግሩፕም አለን። እዚያ የበዓል ሰላምታ፣ የልጅ ምርቃት ፎቶና «መብራት መጣ?» ይበዛል። የጳጉሜን ሴቲንግ እዚያ ተጽፎ ቢሆን በማግስቱ በእንኳን አደረሳችሁ ሥር ተቀብሮ ነበር። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲደክምም ኢሜይል አይቸኩልም፤ ሰርቨሩ ቆይቶ እየደጋገመ ይሞክራል። ለሂሳብ ሥራ የሚቀናኝ እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ላይም ሁለት ነገር ጨመርን። ሪፖርት ለእርዳታ ሲላክ ስሞቹን በቁጥር ተክቶ የሚያወጣ አዝራር አለው አሁን፤ ማስታወሻዎቹ ጨርሶ አይወጡም። የተጠቃሚዎች ሊስት አርካይቭም ከአባል በቀር ማንም እንዳያየው ተዘግቷል። ውዝፉ የተሰራጨበት እድር ሰብሳቢ ያቺን ሴት ቤቷ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ ምን እንዳለቻቸው አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አሁን ሦስተኛ ሊስት ከፍተናል፤ የማስታወቂያ ብቻ። አዲስ ስሪት ሲወጣ የሚነገርበት ነው፤ መጻፍ የሚችሉትም ጥቂት ሰዎች ናቸው። እዚያ ሪፕላይ የት ይሂድ? ወደ ሊስቱ ቢሄድ ይታገዳል፤ ወደ ጻፈው ሰው ቢሄድ ያ ሰው እኔ ነኝ። ለዚህ ሜይልማን የተወሰነ አድራሻ የሚጻፍበት አማራጭ አለው። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የሊስቱን አድራሻ ቅጂ ላይ ይጨምራል፣ ሌላኛው አይጨምርም። የማይጨምረውን መረጥን። መልሱ ከመካከላችን ተራ የገባው ሰው ወደሚያነበው የድጋፍ አድራሻ ይሄዳል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሲወጣ የመጣው መልስ አብዛኛው ምርቃት ነበር። አንዱ ብቻ ቅሬታ ነው፦ የደረሰኙ ማተሚያ ረጅም የቤት ቁጥር ሲሆን የመጨረሻዋን አሃዝ ይቆርጣታል። ተረኛው ስሙንና ቤት ቁጥሩን አውጥቶ ለሠሪዎቹ ሊስት አስተላልፎታል። ፓች ያለው ይላክ።